የሥራሥር ሰብሎችን የፈንገስ በሽታ በጠቃሚ ፈንገስ መከላከል፦ ከዘር ዝግጅት እስከ ማከማቻ

«ድንቼን ስቆፍር ግማሹን በስብሶ አገኘሁት። ትራይኮደርማ ባደርግበት ይድናል?» ይህን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። አንዳንዴ የሚጠየቀው ስለ ካሮት ነው፣ አንዳንዴ ስለ ስኳር ድንች ወይም ስለ ካሳቫ። መልሱ ግን ያው ነው። የበሰበሰው አይድንም። ትራይኮደርማ አፈር ውስጥ ያሉ መጥፎ ፈንገሶችን የሚያጠቃ ጠቃሚ ፈንገስ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ከበሽታው ቀድሞ ሥሩ ላይ ሲሰፍር ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከመትከል ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ደረጃ በደረጃ ጽፌላችኋለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ባትዘሉ ደስ ይለኛል፤ አብዛኛው ሰው የሚከስረው በመዝለል ነውና።

በሽታው በእርግጥ የፈንገስ ነው?

ይህን ሳታረጋግጡ ምንም አትግዙ። ጠቃሚ ፈንገስ ሁሉንም በሽታ አይከላከልም።

ትራይኮደርማ በደንብ የሚሠራባቸው አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች ናቸው። ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ሪዞክቶኒያ። ድንች ላይ ጥቁር ቅርፊት ይለጠፋል። አፈር ይመስላል፣ ግን በውኃ አይለቅም፤ በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል። ቡቃያው ገና ከመሬት ሳይወጣ ግንዱን ቡናማ አድርጎ ይቆርጠዋል።
- ፉዛሪየም። በቁስል ይገባና ድንቹን ከውስጥ ደረቅና ቡናማ አድርጎ ያበሰብሰዋል። ልጣጩ ይጨማደዳል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል።
- ስክለሮሺየም ሮልፍሲ። ግንዱ ሥር፣ አፈሩ ላይ ነጭ ድር ይዘረጋል። በላዩ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ እንክብሎች ይታያሉ። ሞቃትና እርጥብ ቦታ ይወዳል።
- ፒቲየም። በዘር ጊዜ ቡቃያ ይገድላል፣ የካሮትን የሥር ጫፍ በልቶ ሹካ እንዲመስል ያደርገዋል። በሳይንሱ ምደባ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ ትራይኮደርማ ግን ይቋቋመዋል።

የማይሠራባቸውም አሉ። ድንቹ ለስልሶ ከሸተተ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ብስባሴ ነው። ተክሉ ቅጠሉ ሳይቢጫ በድንገት ከጠወለገ የባክቴሪያ አጠውልግን ጠርጥሩ። ይህን ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። የጠወለገውን ተክል ግንድ ከሥሩ አጠገብ ቁረጡ። ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አስነክታችሁ ሳታነቃንቁ ያዙት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው። ያን ማሳ ትራይኮደርማ አያድነውም። ንጹሕ ዘርና ሰብል ማፈራረቅ ያስፈልገዋል።

የድንች ልጣጭ ላይ የሚወጣው ሻካራ እከክም ብዙ ጊዜ ከባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ቅጠል የሚያቃጥለው የድንች ምች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አፈር ላይ የሚጨመር ትራይኮደርማ አያቆመውም። ለምች የምታደርጉትን ጥንቃቄ «ትራይኮደርማ አድርጌያለሁ» ብላችሁ እንዳታቋርጡ አደራ።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ይህን ካወቃችሁ የሚቀጥሉት ደረጃዎች ምክንያታቸው ግልጽ ይሆናል። ትራይኮደርማ አፈር ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ፈንገስ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ዝርያዎች ሃርዚያነም፣ አስፐሬለም እና ቪሪዴ ናቸው። መጥፎው ፈንገስ ላይ ይጠመጠማል፣ ግድግዳውን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ያመነጫል፣ ከዚያም ይመገበዋል። ከዚህ ሌላ ቦታና ምግብ ይሻማዋል። ሥሩ ላይ ሲሰፍር ደግሞ ተክሉ ራሱ የመከላከል አቅሙን ቀደም ብሎ እንዲያነቃ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ፈንገሱ በሕይወት ካለ ብቻ ነው። እርጥበት፣ ምግብና ተስማሚ ሙቀት ይፈልጋል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት በደንብ ያድጋል። ቀዝቃዛ አፈር ላይ ይንቀራፈፋል። ቀጥተኛ ፀሐይ ስፖሩን (ፈንገሱ የሚራባበትን ደቃቅ ዘር) ይገድለዋል። በትንሹ ወደ አሲድ የሚያዘነብል አፈር ይስማማዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የትራይኮደርማ ዱቄት። ከዱቄቱ ሌላ በፈሳሽ መልክም አለ፤ ለጀማሪ ግን ዱቄቱ ይቀላል።
- በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ
- ውኃ (ክሎሪን ያለው ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት በሰፊ ዕቃ ቀድታችሁ ክፍት አድርጉት)
- ንጹሕ ባልዲዎች እና ውኃ ማጠጫ
- ላስቲክ ወይም እርጥብ ጆንያ
- የአፍና የአፍንጫ ማስክ፣ ጓንት
- ስለታም ቢላዋና መበከያ አልኮል
- ጥላ ያለበት ቦታ

ባልዲው ከዚህ በፊት ፀረ ፈንገስ ኬሚካል የተበጠበጠበት መሆን የለበትም። ታጥቦም ቢሆን ሌላ ባልዲ ፈልጉ። ጥቂት ቅሪት እንኳ ሥራችሁን ሊያበላሸው ይችላል።

ደረጃ 1፦ ዱቄቱ በሕይወት መኖሩን ፈትኑ

መለያ ጽሑፉን አንብቡ። የፈንገሱ ዝርያ ስም፣ በግራም ውስጥ ያለው ሕያው ስፖር ብዛት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መጻፍ አለበት። በግራም 100 ሚሊዮን እና ከዚያ በላይ የሚል ከሆነ ጠንካራ ነው። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን አትግዙ።

ቀኑ ያላለፈ ዱቄትም ፀሐይ ላይ ቆሞ ከነበረ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የምትፈትኑት። ሁለት ንጹሕ፣ ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች ውስጥ ገና ትኩስ እያለ የተቀቀለ ሩዝ አድርጉ፤ ውኃው የተንጠፈጠፈ ይሁን። ክዳኑን ገጠም አድርጋችሁ አቀዝቅዙት። ሲበርድ በአንዱ ላይ ብቻ ቁንጥር ዱቄት ነስንሱ። ሁለቱንም ሞቅ ባለ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ዱቄት ያለበት መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ከሆነና ሌላኛው ንጹሕ ከቆየ ዱቄቱ ደህና ነው። ሁለቱም ከሻገቱ ፈተናው አልሠራም፤ ድገሙት። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ዱቄቱ ሞቷል። ሩዙን ከፈተና በኋላ ለሰውም ለእንስሳም አትስጡ።

እንዲህ ያለ ፈተና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን የአንድ ወቅት ሰብል ከማጣት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ትራይኮደርማውን ኮምፖስት ላይ አባዙ (ከመትከል 10–15 ቀን በፊት)

እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት ደረጃ ይህ ነው። ደረቅ ዱቄት ወስዶ ባዶ አፈር ላይ መበተን ብክነት ነው። ስፖሩ ምግብ ያጣል፣ አፈር ውስጥ ያሉት ሌሎች ተሕዋስያን ይቀድሙታል። ኮምፖስት ላይ ካባዛችሁት ግን ነቅቶና በዝቶ ነው ማሳ የሚገባው።

ሀ. ለ100 ኪሎ ግራም ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ 1 ኪሎ ግራም ዱቄት ውሰዱ። አነስተኛ ጓሮ ላላችሁ ለ10 ኪሎ 100 ግራም ማለት ነው።

ለ. ኮምፖስቱን ጥላ ሥር ዘርጉት። እጃችሁን ከቷችሁ ለኩት። ትኩስ ከሆነ ገና አልበሰለም። የአሞኒያ ሽታ ካለውም አትጠቀሙበት።

ሐ. ውኃ አርከፍክፉ። በእጅ ሲጨመቅ ቅርጹን ይዞ መቅረት አለበት፤ ውኃ መንጠብጠብ ግን የለበትም።

መ. ዱቄቱን በስሱ ነስንሳችሁ በደንብ አገላብጡ። ማስክ አድርጉ።

ሠ. ከጉልበት ከፍ በማይል ቁመት ከምሩትና በላስቲክ ወይም በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ጥብቅ አድርጋችሁ አትጠቅልሉት፤ ፈንገሱ አየር ይፈልጋል።

ረ. በየሦስት አራት ቀኑ አገላብጡ። ከደረቀ ውኃ አርከፍክፉ።

ከሰባት ቀን በኋላ ለመጠቀም ይደርሳል። እስከ አስራ አምስት ቀን ቢቆይም አይጎዳም። ላዩ ላይ ነጭ ድርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሽታው የደን አፈር ሽታ መሆን አለበት።

ያልበሰለ ፍግ ለምን እንደማይሆን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንደኛው ምክንያት ሙቀቱ ነው፤ የሚፈላ ክምር 50 እና 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ስፖሩን ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ብዙም አይታወቅም። ያልበሰለ ነገር ውስጥ በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ ሞልቷል። ትራይኮደርማ ያን ምግብ ካገኘ ሪዞክቶኒያን ማጥቃቱን ይተዋል። ሪዞክቶኒያም ከዚያው እየበላ ይፋፋል። ስለዚህ የበሰለ ኮምፖስት የግድ ነው።

አመድና ኖራ እዚህ ክምር ውስጥ አትጨምሩ። አፈሩን አልካላይ ያደርጉታል፣ ትራይኮደርማ ደግሞ ያን አይወድም። ማዳበሪያ ዩሪያም እንዲሁ አይግባ።

ደረጃ 3፦ መሬቱን አዘጋጁ

ያለፈውን ወቅት የበሰበሰ ድንች፣ ሥርና ግንድ ለቅማችሁ ከማሳ አውጡ። መጥፎዎቹ ፈንገሶች እዚያ ላይ ነው የሚከርሙት። ሪዞክቶኒያና ስክለሮሺየም ጠንካራ እንክብል ሠርተው ለዓመታት አፈር ውስጥ መቆየት ይችላሉ። የታመመውን ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩት።

ውኃ የሚተኛበት መሬት ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ ቦይ ቅደዱ። ውኃ የሞላው አፈር አየር የለውም፤ ትራይኮደርማ ይታፈናል፣ ፒቲየም ግን ይመቸዋል።

ባለፈው ዓመት ያንኑ ሰብል የዘራችሁበት መሬት ላይ በሽታ ከነበረ ዘንድሮ ሌላ ሰብል ዝሩበት። ለሦስት ዓመት ማፈራረቅ ከቻላችሁ በጣም ጥሩ ነው። ትራይኮደርማ የማፈራረቅን ቦታ አይተካም።

ደረጃ 4፦ ዘሩን ምረጡና አክሙ

ዘሩ የተለከፈ ከሆነ በሽታውን በእጃችሁ ነው የምትተክሉት። ስለዚህ መጀመሪያ ምርጫ። የለሰለሰ፣ የተጨማደደ፣ የሚሸት፣ ጥቁር ቅርፊት የበዛበት ድንች ይውጣ። ይህን ሳታደርጉ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ብትነክሩ ውኃው በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዳርሰዋል።

*ሙሉ ድንች።* አፈሩን በእጅ አራግፉ። በ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ዱቄት በጥብጡ። ድንቹን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ንከሩት፤ ስፖሩ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ውኃውን እያማሰላችሁ። አውጥታችሁ ጥላ ላይ በአንድ ረድፍ ዘርግታችሁ ውኃው እስኪጠፍ ጠብቁ፣ ከዚያ ትከሉ። የጎነቆለ ድንች ከሆነ ጎንቁሉ እንዳይሰበር በወንፊት መሰል ዕቃ አድርጋችሁ ንከሩት።

*የተቆረጠ ድንች።* ይህን አትንከሩት። እርጥብ የቁስል ፊት ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ቢላዋውን ከድንች ወደ ድንች ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉ። ከተቆረጠ በኋላ አየር በሚነፍስበት ጥላ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፤ ፊቱ ቆዳ ይሠራል። ከዚያ ደረቁን ዱቄት ነስንሳችሁበት በቀስታ አገላብጡ። ለአንድ ኪሎ ድንች ከ4 እስከ 5 ግራም ይበቃል።

*የስኳር ድንች ቁርጥራጭ ሐረግ እና የካሳቫ ግንድ።* መሬት የሚገባውን ጫፍ ያው 10 ግራም በሊትር ብጥብጥ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ንከሩት። ሐረጉን ከእናት ተክሉ ከአፈር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። አፈር የነካው ክፍል በሽታ ይዞ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

*የካሮትና የቀይ ሥር ዘር።* ዘሩን በጥቂት ውኃ በስሱ አርጥቡት፤ መዘፍዘፍ የለበትም። ለአንድ ኪሎ ዘር ከ5 እስከ 10 ግራም ዱቄት ጨምራችሁ እሹት። ጥላ ላይ አድርቃችሁ በዚያው ዕለት ዝሩ። በፋብሪካ ቀለም የተቀባ ዘር ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ይኖረዋልና መለያውን አንብቡ። ኬሚካል የተቀባን ዘር በትራይኮደርማ ማሸት ሁለቱንም ማባከን ነው።

ደረጃ 5፦ በምትተክሉበት ቀን

ያባዛችሁትን ኮምፖስት በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ ጨምሩ። ድንቹን ወይም ሐረጉን በላዩ አስቀምጡ፣ አፈር አልብሱት። ለካሮት ትልሙን ከፍታችሁ ኮምፖስቱን በስሱ በትኑና ዘሩን እዚያው ላይ ዝሩ። ማሳው ሁሉ ላይ ከመበተን ይልቅ ሥሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው፦ ፈንገሱ ከመጀመሪያዋ ሥር ጋር አብሮ ያድጋል።

አፈሩ እርጥብ መሆን አለበት። ሥራውን ወደ ማታ ወይም ደመና ባለ ቀን ሥሩ። ኮምፖስቱን ፀሐይ ላይ ከፍታችሁ አታቁሙት።

አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ብትጠብቁ ይሻላል። ሪዞክቶኒያ ቀዝቃዛና እርጥብ አፈርን ይቋቋማል፤ ትራይኮደርማ ግን ገና አልነቃም። በዚህ ክፍተት ነው ቡቃያው የሚቆረጠው። ድንቹን በጥልቀት አትቅበሩት፤ ቶሎ ከመሬት የወጣ ቡቃያ ያመልጣል። አፈር ማስታቀፉ በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 6፦ ከበቀለ በኋላ ድገሙ

ቡቃያው ከወጣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሆነው፣ ድንች ከሆነ አፈር በምታስታቅፉበት ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 ግራም በሊትር በጥብጣችሁ ሥሩ ላይ አጠጡ። ቅጠሉን ማርጠብ አያስፈልግም። በውኃ ማጠጫ ብታደርጉት ይቀላል። በመርጫ መሣሪያ ከሆነ ግን የደቀቀውን ማጣሪያ አውጡት፤ ዱቄቱ ይዘጋዋል። የተበጠበጠውን በዚያው ቀን ጨርሱ። ካደረ አየር አጥቶ ይበላሻል።

ስትኮተኩቱ ሥርና ግንድ እንዳታቆስሉ። ፉዛሪየም ቁስል ነው የሚጠብቀው። አጠጣጡም መጠን ይኑረው፤ ላዩ ደርቆ ከስር እርጥበት ያለው አፈር ይበቃል።

ደረጃ 7፦ አሰባሰብና ማከማቸት

ብዙ መመሪያ እዚህ ጋ ዝም ይላል። ማሳ ላይ በትጋት የጠበቃችሁትን ድንች አቁስላችሁ ብታከማቹት ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የድንች ቅጠል ከጠፋ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል መሬት ውስጥ ተዉት፤ ልጣጩ ይጠነክራል። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ ሪዞክቶኒያ ያን ጥቁር ቅርፊቱን የሚያበዛው ቅጠሉ ከሞተ በኋላ ነው። በደረቅ ቀን ቆፍሩ። አትወርውሩ።

የቆፈራችሁትን ከማከማቸታችሁ በፊት ቁስሉን አድኑ። ለድንች ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው፣ ጨለማና እርጥበት ያለው አየር ባለበት ቦታ አሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት። ለስኳር ድንች ከ29 እስከ 32 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ85 እስከ 90 በመቶ በሆነ ቦታ ከአራት እስከ ሰባት ቀን። በዚህ ጊዜ ቁስሉ ቆዳ ይሠራል፤ ፉዛሪየምም መግቢያ ያጣል። ለመብል የምታስቀምጡትን አትጠቡት።

ማስጠንቀቂያ

ዱቄቱ ሲበን ወደ ሳንባ ይገባል። አስም ወይም አለርጂ ያለበት፣ እንዲሁም በበሽታ ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ የቀነሰ ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። ሌላውም ሰው ማስክና ጓንት ያድርግ፣ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከሕፃናትና ከምግብ ዕቃ አርቁት።

እንጉዳይ የምታመርቱ ከሆነ ትራይኮደርማ ወደዚያ ቤት ፈጽሞ አታስጠጉ። የእንጉዳይ ቤት አረንጓዴ ሻጋታ የሚባለው እሱው ነው። ከማሳ ስትመለሱ ልብስና ጫማ ሳትቀይሩ ወደ እንጉዳይ ቤት አትግቡ።

ከኬሚካል ጋር አንድ ላይ አትበጥብጡ። ካርበንዳዚም፣ ቤኖሚልና ቲዮፋኔት ሜታይል ትራይኮደርማን ይገድላሉ። ኮፐር ያለባቸውም ይጎዱታል። አፈር ላይ ፀረ ፈንገስ ያደረጋችሁ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ለምች ቅጠል ላይ የሚረጨውን ግን መቀጠል ትችላላችሁ፤ በአንድ ዕቃ አትቀላቅሉት፣ ቀኑንም አራርቁት።

በየሰብሉ መታወቅ ያለበት

ሁለት ሌሎች ጠቃሚ ፈንገሶችን ስለሚጠይቁኝ እዚህ ላስገባ።

ማይኮራይዛ የሚባለው ሥር ውስጥ ገብቶ ከተክሉ ጋር ተባብሮ የሚኖር ነው። ፎስፈረስና ውኃ ያቀርባል፣ ሥሩን ያጠነክራል። ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ካሳቫ፣ ጎደሬና ካሮት ይቀበሉታል። ቀይ ሥር፣ ራዲሽና ተርኒፕ ግን አይቀበሉትም። ለእነሱ ገዝታችሁ ገንዘብ አታባክኑ። በሕይወት ያለ ሥር ካልነካ አያድግም፤ ስለዚህ ኮምፖስት ላይ ለማባዛት አትሞክሩ። በቀጥታ ተከላ ጉድጓድ ውስጥ ይጨመራል። ፎስፈረስ ማዳበሪያ የበዛበት መሬት ላይም ተክሉ አያስገባውም።

ሌላው ኮኒዮቲሪየም ሚኒታንስ ነው። ካሮትን ነጭ ጥጥ በመሰለ ሻጋታ የሚያበሰብሰው ስክለሮቲኒያ ላይ ያነጣጠረ ነው። የበሽታውን ጥቁር እንክብሎች አፈር ውስጥ እያለ በልቶ ይጨርሳቸዋል። ጊዜ ግን ይፈልጋል። በሽታው ከሚጠበቅበት ጊዜ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ አፈር ላይ ተረጭቶ በስሱ ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ ጠለቅ አድርጋችሁ ካረሳችሁ ከሥር ያሉት ያልተነኩ እንክብሎች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

እህል ላይ ማባዛት እችላለሁ?

ይቻላል። ግን ንጽሕና ይጠይቃል፤ ለጀማሪ ኮምፖስቱን እመርጥለታለሁ። መሞከር ለምትፈልጉ አካሄዱ ይኸውላችሁ፦

1. ማሽላ ወይም ሩዝ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ አንጠፍጥፉ፣ በግማሽ ቀቅሉ። ፍሬው መፈንዳት የለበትም፤ ከፈነዳ ተለጣጥፎ አየር ያጣል።
2. ሙቀት በሚችል ላስቲክ ከረጢት እስከ ግማሹ ሙሉ። አፉን በጥጥ ድፈኑ፤ አየር ያስገባል፣ ሻጋታ ያግዳል።
3. በፕሬዠር ድስት አንድ ሰዓት ያህል አብስሉ። ይህ እህሉ ላይ ያለውን ሌላ ሻጋታ ለመግደል ነው። ተራ መቀቀል አይበቃም።
4. ድስቱ በራሱ ሲበርድ ነፋስ በሌለበት ክፍል፣ እጃችሁን በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በንጹሕ ማንኪያ ትንሽ ትራይኮደርማ ጨምሩ። አፉን መልሳችሁ ድፈኑ፣ ነቅንቁ።
5. ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ቦታ አስቀምጡ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነጩ ድር ሲታይ ከረጢቱን ከውጭ አሽታችሁ በትኑት። ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል።

ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ግራጫ ፀጉር ያለው ሻጋታ ካያችሁ ከረጢቱን ሳትከፍቱ አስወግዱ። ቢጫ ቢጫ አረንጓዴ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚያመርት አስፐርጊለስ ሊሆን ይችላል። ጎምዛዛ ሽታና ዝልግልግ ውኃም ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው። ራሳችሁ ያባዛችሁትን ለሚቀጥለው ዙር ዘር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አትጠቀሙ። በየዙሩ ጥራቱ ይወርዳል፣ የሌላ ሻጋታ ቅልቅል ይበዛል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ማሳ አታስገቡት።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- *በሽታው ከታየ በኋላ መጀመር።* የታመመውን ተክል ከነአፈሩ ነቅላችሁ አውጡ። ያልታመሙትን ሥር ማጠጣት ትችላላችሁ፤ የታመመውን ግን አትጠብቁት።
- *መጠኑን እጥፍ ማድረግ።* የሞተ ዱቄት እጥፍ ቢሆን የሞተ ነው። ሕያው ከሆነም ምግብና እርጥበት ከሌለው ብዛቱ ጥቅም የለውም።
- *ዱቄቱን የኬሚካል መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ።* ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል። የተከፈተ ፓኬት አየር በማያስገባ ዕቃ ዘግታችሁ በዚያው ወቅት ጨርሱት።
- *አንዴ አድርጌያለሁ ብሎ መተው።* አፈር ውስጥ ቁጥሩ በጊዜ ይቀንሳል። በየተከላው ይደገማል።
- *ሁሉንም መደብ ማከም።* አንድ መደብ ያለ ትራይኮደርማ ተዉ፤ ዘሩም ውኃውም ያው ይሁን። ስትቆፍሩ ከሁለቱም መደብ የተበላሸውን ለይታችሁ መዝኑ። ያኔ በእናንተ መሬት ላይ ምን ያህል እንደጠቀመ በራሳችሁ ቁጥር ታውቃላችሁ፣ በሚቀጥለው ተከላም የትኛውን ደረጃ ማጠንከር እንዳለባችሁ ይገባችኋል።